ጉዳይዎ በተራው ይታያል

ኖላዊት ናትናኤል በደብረ ብርሃን የመስመር ጽሕፈት ቤት ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ዘጊ ሆና ሠርታለች። ሥራው ከውጭ ለሚያየው ቀላል ነው። ሰው ሲሞት ከዘመድ ከወዳጁ ጋር ያገናኙት የነበሩ መስመሮች ክፍት እንደሆኑ ይቀራሉ። መስመር በአንድ ወገን ቃል አይዘጋም፤ ሁለቱም ወገኖች «ዝጋ» ማለት አለባቸው። ሟቹ ይህን ሊል ስለማይችል በእሱ ፈንታ ዘጊው ይላል፣ በሌላው ጫፍ ያለው ዘመድ ደግሞ የራሱን ይላል፣ ያን ጊዜ መስመሩ ይዘጋል። በቀን ሃያ፣ አንዳንዴም ሃያ አምስት መስመር ትዘጋለች። የሚያለቅስ አለ፣ ትንሽ ቀን ስጡኝ ብሎ የሚለምን አለ። ኖላዊት ማንንም አታጣድፍም፤ በዚህ ትታወቃለች።

ቢሮዋ ጠባሴ አካባቢ፣ ከማሽን አዳራሾቹ ፊት ለፊት ነው። አዳራሾቹ መስኮት የላቸውም። እዚህ የተሠሩት ከተማዋ ብርዳም ስለሆነች ነው ይባላል፤ የአገሩ ሰው መስመር ሁሉ በእነሱ ውስጥ ያልፋል። ግድግዳቸው ክረምት ከበጋ ይሞቃል፣ ስለዚህ የአካባቢው በጎች ተደግፈውት ይተኛሉ። ኖላዊት ጠዋት ጠዋት በበጎቹ መካከል አልፋ ወደ ሥራ ስትገባ ከጆሮዋ ጀርባ ከተለጠፈችው መስሚያ የአባቷ ድምፅ ይመጣል።

«ነጋ፣ ኖሊ። ዛሬ ነፋሱ ብርቱ ነው አሉ። ካፖርትሽን ቆልፊ።»

ትቆልፋለች። «እሺ አባዬ» ትላለች፣ ብዙውን ጊዜ በልቧ።

አባቷ አቶ ናትናኤል ሰማንያ ዓመታቸው ነው። ከደብረ ብርሃን የአንድ ሰዓት መንገድ ቁልቁል ወርዶ፣ ደብረ ሲና ውስጥ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። በወጣትነታቸው የሞባይል ስልክ ጠጋኝ ነበሩ፤ አሁን የሚጠገን ነገር የለም። ኖላዊት ካየቻቸው ሁለት ዓመት አልፏል። ተቀያይመው አይደለም። ጠዋት ድምፃቸውን ትሰማለች፣ ማታ ትሰማለች፣ በመካከል ምሳ በላሽ ወይ ይሏታል። ሰው በቀን አራት ጊዜ የሚያነጋግረውን አባት አላየሁትም ብሎ አይቆጥርም። ሞጆ ደረቅ ወደብ የምትሠራው አንድ ልጇ ያኔትም ከእሷ ጋር እንደዚሁ ናት።

አቶ ናትናኤል ግን ነገሩን አልለመዱትም ነበር። «ድሮ» ይላሉ፣ «ሰው ይጠይቃል፣ ይጠብቃል፣ መልሱ ሲመጣ በቃ፣ በሩ ይዘጋል። እናንተ በሩን ነቅላችሁ ጣላችሁት።»

ማራዘሚያው የመጣው ኖላዊት ሃያ ዓመት ሳይሞላት ነው። ሰው ሥራ ሲበዛበት ወይም ሲተኛ መስመሩ ዝም እንዳይል፣ በባለቤቱ ድምፅና በባለቤቱ አነጋገር ይመልስለታል። መጀመሪያ ላይ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ይል ነበር። ኋላ «አይዞሽ» ማለት ጀመረ። ከዚያ «ናፍቀሽኛል»። እያደር ሰው የትኛውን ራሱ እንደተናገረ፣ የትኛውን ማራዘሚያው እንደተናገረለት መለየቱን ተወው፤ ሕጉም እንዲለይ አላስገደደውም። ሁለቱን ለይቶ የሚያየው ዘጊ ብቻ ነው፣ እሱም የሟች ፋይል ሲከፈት ብቻ።

በሁለት ሺህ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በየካቲት አጋማሽ በዋለ ሰኞ፣ ለኖላዊት የቀኑ ሦስተኛ ፋይል ተራው ደርሶ ተከፈተላት። ሟች፣ ናትናኤል ወንድይራድ። ነዋሪነት፣ ደብረ ሲና። ያረፉበት ቀን፣ ጥቅምት አሥራ አራት። በመስመሩ ሌላ ጫፍ ያለ ሰው፣ ኖላዊት ናትናኤል።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ጣቷን ወደ መስሚያዋ አስጠጋች።

«አባዬ።»

«ወዬ፣ ኖሊ።»

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። እግሬን ትንሽ ይቆረጥመኛል እንጂ። ቁርስ በላሽ?»

«በላሁ።»

«ደግ አደረግሽ።»

ተነሥታ ወደ ክፍል ኃላፊዋ ወደ አቶ ሚልክያስ ሄደች። ሚልክያስ ፋይሉን አይቶ ዓይኑን ከሰሌዳው ሳያነሣ ቆየ።

«ስህተት ነው» አለች ኖላዊት። «አሁን አነጋግሬው ነው የመጣሁት።»

«ቀበሌው አረጋግጧል ይላል።»

«ቀበሌ ይሳሳታል። ባለፈው ዓመት በሕይወት ያለ ሰው ልከውልን አልነበር?»

«ልከውልን ነበር።» ሚልክያስ አሁን አያት። «ኖላዊት፣ የራስን ዘመድ መዝጋት እንደማይፈቀድ ታውቂያለሽ። ለሌላ ዘጊ ልስጠው?»

«ለማንም አትስጠው። ወርጄ አይቼው ልምጣ፣ ከዚያ ትሰርዘዋለህ።»

ሚልክያስ ጥቂት አሰበ። ከመሳቢያው የእጅ ማንበቢያ አውጥቶ ሰጣት፤ ዘጊዎች ወደ ገጠር ሲወጡ የሚይዙት፣ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ ነገር ነው። «ፋይሉ እዚህ ውስጥ አለ» አላት። «ስህተት ከሆነ አትክፈችው።»

በስድስት ሰዓት አውቶቡስ ተሳፈረች። ጣርማበር ላይ ጉም ነበር፤ ዋሻው ውስጥ ገብተው ወጡ፣ ከዚያ ቁልቁለቱ ጀመረ። መስኮቱ ሞቅ እያለ መጣ። አባቷን ሊያስደስት የሚችል ነገር እየሠራች እንደሆነ ገባትና ትንሽ አፈረች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰዓት ነበር የራቃት።

«አባዬ፣ እየመጣሁ ነው። አውቶቡስ ላይ ነኝ።»

«እሰይ። ደጅ ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ።»

ከመናኸሪያው በእግሯ ወጣች። የአባቷ ቤት ከመስጊዱ በላይ ባለው ቀጭን መንገድ ላይ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ነው። ደጁ ላይ ማንም አልነበረም። በሩ በጓጉንቸር ቁልፍ ተቆልፏል፤ ከደጃፉ ሥር የባሕር ዛፍ ቅጠል ተከምሯል፣ ነፋስ አምጥቶ የከመረውን ማንም ሳይጠርገው።

«አባዬ፣ በር ላይ ነኝ።»

«ግቢ ልጄ፣ ክፍት ነው።»

ጓጉንቸሩ በእጇ ውስጥ ነበር። በፀሐይ ግሏል። ያዘችው፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ኋላ ልትናገር አልቻለችም። ጎረቤት በር ተከፍቶ አንዲት አሮጊት የልብስ ባልዲ ይዘው ብቅ እስኪሉ ድረስ እንደያዘችው ቆመች።

«ማንን ነው?»

«እትዬ ሐያት፣ እኔ ነኝ። ኖላዊት።»

ወይዘሮ ሐያት ከአባቷ ጋር ሠላሳ ዓመት በአንድ ግድግዳ የኖሩ ጎረቤት ናቸው። ባልዲውን አላስቀመጡም።

«አውቄሻለሁ» አሉ። «አሁን መምጣትሽ ነው?»

«አባዬ የት ሄዶ ነው?»

ለአሮጊቷ ኖላዊት የምታሾፍባቸው መሰላቸው። ወደ ቤታቸው ዘወር አሉ፤ ከዚያ የኖላዊትን ፊት ደግመው አዩት። ባልዲውን መሬት አኖሩት።

«አልሰማሽም?»

«ምኑን?»

«ያ ረቢ» አሉ በቀስታ። «ግቢ። ፀሐዩ ላይ አትቁሚ።»

ቤታቸው አስገብተው በርጩማ ላይ አስቀመጧት። ከግድግዳው ላይ የመልእክት ሰሌዳቸውን አወረዱ፤ ወይዘሮ ሐያት ጆሯቸው ላይ ምንም አይለጥፉም፣ መልእክት በሰሌዳ ነው የሚያነቡት። በጣታቸው ወደ ኋላ፣ እስከ ጥቅምት ድረስ መለሱትና ጭኗ ላይ አኖሩላት።

«ጥቅምት አሥራ አራት ነው። የእድሩ ጸሐፊ እዚህ ቆሞ፣ እኔ እየነገርኩት ነው የጻፈው።»

«ኖላዊት፣ አባትሽ ጋሽ ናቲ ዛሬ ጠዋት አረፉ። ቀብር ነገ በስድስት ሰዓት ነው። ድረሽ» ይላል። ከሥሩ፣ በዚያው ደቂቃ የመጣ መልስ አለ፤ የላኪው ስም የእሷ ነው።

«ስለ ደረሰብዎ ኀዘን ከልብ እናዝናለን። ጉዳይዎ በተራው ይታያል።»

«ተሳስታ ነው አልንና ደግመን ላክን» አሉ ወይዘሮ ሐያት። «ያው መጣ። ሦስተኛም ላክን። እስከ ስምንት ሰዓት ሬሳውን አቆይተን ጠበቅንሽ። ከዚያ ቀበርናቸው። የእድሩ ሰው በሙሉ ነው የወጣ፤ የኛም የናንተም። ዘመድ ግን አልነበረም።»

ኖላዊት ሰሌዳው ላይ እንዳቀረቀረች ነገሩ ገባት። ዘጊዎች በቀን መቶ ሁለት መቶ የሞት መልእክት ይደርሳቸዋል። ሞተ፣ አረፈ፣ ቀብር የሚል ቃል ያለበት ሁሉ ወደ ጆሯቸው ሳይገባ ቀጥታ ወደ ሥራ ወረፋው እንዲሄድ የተደረገው ለእነሱ ተብሎ ነው፤ ያለዚያ ቀኑን ሙሉ እሪታ ነው የሚሰሙት። መልሱንም ማራዘሚያው ይሰጣል። ያቺን የመልስ ዓረፍተ ነገር ከዓመታት በፊት የጻፈቻት ራሷ ኖላዊት ነበረች። ከቀድሞዋ ይልቅ ጨዋ ናት ተብላ ለሁሉም ዘጊ ተሰጥታለች።

«አልሰማሁም» አለች። «እትዬ ሐያት፣ እኔ አልሰማሁም። ዛሬ ጠዋት አነጋግሮኛል።»

«ማ?»

«አባዬ።»

ወይዘሮ ሐያት እጃቸውን ከሰሌዳው ላይ አነሡ።

ከዚያ ኖላዊት «ምን አሞት ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ደረታቸውን ነበር። ከነሐሴ ጀምሮ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላቸው ‹ለልጄ ነግሬያታለሁ፣ ቅዳሜ ትመጣለች፣ ከእሷ ጋር እሄዳለሁ› ይሉኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮታቸውን ለብሰው መናኸሪያ ይወርዳሉ። አምስት ቅዳሜ ወርደዋል፤ ያ ዳገት ለሚያመው ሰው እንዴት እንደሆነ አንቺም አሁን ወጥተሽዋል። በስድስተኛው ቀሩ። ዛሬ አይሄዱም ወይ ብላቸው፣ እሷ አይደለችም አሉኝ።»

«ምን ማለት?»

«እኔም እሱን ነው የጠየቅኋቸው። ‹የምታነጋግረኝ እሷ አይደለችም› አሉ። ታዲያ ማን ናት ብላቸው፣ ‹አላውቅም፤ ግን ጨዋ ናት› አሉኝ።» ወይዘሮ ሐያት የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «የታመመ ሰው የሚለው ነገር ነው ብዬ ተውኩት።»

ቁልፉን ሰጧት። ጓጉንቸሩ ትንሽ ታግሎ ተከፈተ። ቤቱ ውስጥ አልጋው ተነጥፏል፣ ኮቱ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፣ ጠረጴዛው ላይ ያረጁ መፍቻዎች በመጠናቸው ተደርድረዋል። ወይዘሮ ሐያት ነበሩ ያስተካከሉት። ኖላዊት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ማንበቢያውን ዘረጋችው። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር፤ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጉልበቷ ላይ አርፋለች።

መጀመሪያ የራሷን ወገን አየች። በራሷ አፍ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል፣ ከዛሬ በፊት፣ ባለፈው ሰኔ ዘጠኝ ቀን ነበር። «እሺ አባዬ፣ ቻው።» ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ አጠገቡ የማራዘሚያ ምልክት አለበት። ስምንት ወር። በልቧ የመለሰችው አንድም አልተቆጠረም።

ከዚያ የአባቷን አነበበች።

ነሐሴ ሃያ፣ በራሳቸው አፍ፣ «ኖሊ፣ ደረቴን ጨምድዶ ይይዘኛል። ዳገት ስወጣ ይብሳል።» የእሷ ማራዘሚያ፣ «አይዞህ አባዬ። መጥቼ ሐኪም ቤት እወስድሃለሁ።» እሳቸው፣ «መቼ?» ማራዘሚያው፣ «ቅዳሜ።»

ነሐሴ ሃያ ስድስት፣ «አልመጣሽም። ደህና ነሽ?» «ሥራ በዝቶብኝ ነው አባዬ፣ ይቅርታ። ቅዳሜ እመጣለሁ።»

ይህ አምስት ጊዜ ተመላልሷል። ማራዘሚያው አልዋሸም፤ ኖላዊት በነዚህ ዓመታት ደጋግማ የምትለውን ነው የተናገረላት። የአነጋገሩ ልክ የእሷ ነበር፤ «ይቅርታ» የምትለዋ እንኳ ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ፣ እሷ እንደምታኖራት ተቀምጣለች።

መስከረም ሃያ አራት፣ እሳቸው፣ «ኖላዊት፣ ልጅ ሆነሽ ከግንብ ወድቀሽ የሰበርሽው የቱን እጅሽን ነው?»

ማራዘሚያው፣ «አባዬ፣ የድሮውን ስታነሣልኝ ደስ ይለኛል። ምሳ በላህ?»

እሳቸው፣ «በላሁ።»

ከዚያ ለብዙ ቀን በራሳቸው አፍ የተናገሩት የለም። የሳቸውም ማራዘሚያ ተራውን ይዞ ሁለቱ ማራዘሚያዎች ጠዋትና ማታ ተነጋግረዋል፤ ስለ ነፋስ፣ ስለ ምሳ፣ ስለ ካፖርት። ጥቅምት አሥራ ሁለት፣ ከማረፋቸው ሁለት ቀን በፊት፣ አንድ ረጅም መልእክት አለ። በራሳቸው አፍ።

«እኔ ከእንግዲህ ብዙ የምቆይ አይመስለኝም። ስልክ ስጠግን ሰው የሌለበት መስመር ስንቴ ሰምቻለሁ፤ አውቀዋለሁ። አንቺን አልቀየምኩም፣ የታዘዝሽውን ነው የምትሠሪው። ልጄን ያገኘሻት እንደሆነ ግን ይህን ንገሪያት። አባትሽ አልተቀየመሽም በያት። ሐኪም ቤቱም ቢሆን ያን ያህል የሚያድነኝ አልነበረም፣ እንዳትጸጸት። አንቺም ማንም ሁኚ፣ ደህና እደሪ።»

ማራዘሚያው፣ «ደህና እደር አባዬ። ነፋሱ ብርቱ ነው፣ ልብስህን ደርብ።»

ለኖላዊት ግን አልነገራትም። መነገር የማይገባው መልእክት ስለነበረ አይደለም፤ ማራዘሚያው ለሌላው ወገን ነው የሚናገረው፣ ለባለቤቱ ምንም እንዲናገር አልተሠራም።

ኖላዊት ማንበቢያውን አልጋው ላይ አኖረችው። አላለቀሰችም። ለሌሎች ሰዎች ይህን ሰዓት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስታሳልፍላቸው ቆይታለች፤ አሁን ምን እንደሚደረግ የሚነግራት ሰው ከመጣ ብላ የምትጠብቅ መስላ ወደ በሩ አየች። ከዚያ መስሚያዋን ነካች።

«አባዬ፣ ግራ እጄን ነው» አለች።

«ምን አልሽ፣ ኖሊ?»

«የሰበርኩት ግራ እጄን ነው። አንተ ተሸክመህ ወስደኸኝ ነበር። ስትሮጥ ጫማህ ወልቆ መንገድ ላይ ቀረ።»

ድምፁ ጥቂት ዘገየ። «አዎ፣ አዎ» አለ። «የድሮውን ስታነሺልኝ ደስ ይለኛል።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ግድግዳው ስስ ስለነበረ ወይዘሮ ሐያት ሰምተዋል፤ ሆኖም አልመጡም። ሰው በዚህ ሰዓት ብቻውን መሆን እንደሚገባው ያውቁ ነበር።

የራስን ዘመድ መዝጋት አይፈቀድም። ኖላዊት ሕጉ ትዝ ቢላትም አላቆማትም። ማንበቢያው ላይ ጣቷን አድርጋ በሟቹ ፈንታ «ዝጋ» አለች። መሣሪያው በሌላው ጫፍ ያለውን ሰው ቃል ጠየቀ። ሰዎች እዚህ ላይ ለምን እንደሚለምኑ አሁን ገባት፤ አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት ስጡኝ የሚሉት ሟቹ ይነሣል ብለው አይደለም። «ነጋ» የሚላቸው ሰው እንዳያጡ ነው። መስኮቱ ላይ ያለችው ፀሐይ ከጉልበቷ ወርዳ መሬት እስክትደርስ ድረስ ተቀመጠች። ከዚያ «ዝጋ» አለች። ጆሮዋ ውስጥ ምንም ለውጥ አልተሰማም፤ ዝም ያለ መስመር ድምፅ የለውም።

በማግሥቱ ወይዘሮ ሐያት ደጃፉን ጠርገው ምንጣፍ ዘረጉ። ለእድሩ ሰው ቤት ለቤት እየዞሩ «አልሰማችም ነበር፣ አሁን ነው የሰማችው» ብለው ነገሩ። አንዳንዱ አመነ፣ አንዳንዱ አላመነም፤ የመጣው ግን ብዙ ነው። ከአራት ወር በኋላ ለቅሶ ተቀመጠች። ንፍሮ ተቀቀለ። ጸሐፊው፣ ያን መልእክት የጻፈው ሰው፣ ከሁሉ ኋላ መጥቶ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ሲነሣ «እኔ ክፉ ነገር ተናግሬብሽ ነበር፣ ይቅር በይኝ» አላት። እሷም «እኔ ብሆንም እናገር ነበር» አለችው። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ሐያት መቃብሩን አሳይተዋት ወደ መናኸሪያው ሸኟት።

ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። ያኔት አያቷ መሞታቸውን አታውቅም፤ ይህን ደግሞ በመስመር ልትነግራት አልደፈረችም። ብትናገር የሚሰማት ያኔት ትሁን ማራዘሚያዋ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። በአዲስ አበባ አድርጋ ሞጆ ገባች፤ የልጇን በር ስታንኳኳ አሥር ሰዓት አልሞላም ነበር።

ያኔት የሃያ አራት ዓመት ወጣት ናት፤ ከፈረቃ መጥታ ገና የሥራ ልብሷን አላወለቀችም። እናቷን ደጅ ላይ ስታይ መጀመሪያ የመጣባት ነገር ፍርሃት ነው።

«እማዬ? ሳትናገሪ?»

«ግቢ። ቁጭ በይ።»

ኖላዊት በሥራዋ ነገርን ማለሳለስ አልተማረችም፤ ማለሳለስ ሰውን እንደሚጎዳ ነው የተማረችው። «አያትሽ ሞቷል» አለች። «ጥቅምት ላይ። እኔም የሰማሁት ሰኞ ነው።»

ያኔት እናቷን አየቻት። «ጥቅምት?»

«አዎ።»

«አይደለም፣ እማዬ። አያቴ እኮ ትናንት አነጋግሮኛል። በየቀኑ ነው የሚያነጋግረኝ።»

«አውቃለሁ። እኔንም ያነጋግረኝ ነበር። የኔን ዘግቼዋለሁ። የአንቺና የእሱ ግን የራሳችሁ ነው፤ ያለ አንቺ ቃል አይዘጋም።»

ያኔት እጇን ወደ ጆሮዋ አነሣችና መልሳ አወረደችው። ቀስ ብላ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ቀጥላ የተናገረችው ነገር እናቷ የጠበቀችው አልነበረም።

«እኔ ግን በራሴ አፍ ነበር የማነጋግረው» አለች። «አንድ ቀንም ለማራዘሚያ አልተውኩትም። ሁሉን ነግሬዋለሁ።»

«ምኑን ሁሉ?»

ያኔት የሥራ ልብሷን ዚፕ ወደ ታች አወረደችው። ሆዷ ገና ብዙም አይታይም፤ እናት ግን ወዲያው አየች።

«አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ» አለች ያኔት። «አባትየው ሄዷል፣ እሱን አትጠይቂኝ። ላንቺ ልነግርሽ ፈልጌ… ነግሬሽ ነበር እኮ፣ እማዬ። በጥር።»

ኖላዊት በርጩማውን ስባ ተቀመጠች። «ምን አልኩሽ?»

«‹ሁሉም ለበጎ ነው፣ አይዞሽ› አልሽኝ። ከዚያ ስለ ብርዱ ነገርሽኝ።»

ከውጭ፣ ከመንገዱ፣ ወደ ወደቡ የሚገቡት መኪናዎች ሲያልፉ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ኖላዊት ተነሥታ ልጇ አጠገብ አልጋው ላይ ተቀመጠችና እጇን ያዘች። «እኔ አልነበርኩም» አለች። ያኔትም እጇን ሳትነጥቅ ተወችላት።

«አያቴ ግን ሲቆጣኝም ሲያጽናናኝም ነበር» አለች ያኔት። «ልጄ ሴት መሆኗን ስነግረው ስም አወጣላት። ስንዱ በያት አለኝ። የእናቱ ስም ነው አለ።»

«የእናቱ ስም ነው» አለች ኖላዊት። አባቷ እናታቸውን ያጡት በልጅነታቸው ነው፤ ይህን ስም ከሁለት ወይም ከሦስት ጊዜ በላይ ሲጠሩት አልሰማችም። «መቼ ነው ያወጣላት?»

«ባለፈው ማክሰኞ።»

ኖላዊት የመስመሩ ዘጊ እንደመሆኗ ማለት የሚገባትን ታውቃለች። ስም ያወጣው ማን እንዳልሆነ ማስረዳት ትችላለች፤ ማንበቢያው ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ ምልክቱን ከፍታ ማሳየት ትችላለች። አላሳየቻትም። «ልትዘጊው ትፈልጊያለሽ?» ብላ ብቻ ጠየቀች፣ ለሌላ ለማንም እንደምትጠይቀው፣ ሳታጣድፍ።

ያኔት «ዛሬ አይደለም» አለች።

ኖላዊት ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የገዛ አባቷን በመዝጋቷ ሚልክያስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈላት፣ ራሱ አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረውና አጠገቧ ትንሽ ቆሞ ሄደ። የሞት መልእክቶች ወደ ወረፋው እንዳይሄዱባት አመለከተች፤ የአጠቃላይ አሠራር ስለሆነ ለአንድ ሰው አይቀየርም ተባለች። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ቀድማ እየገባች የወረፋውን ስሞች በሙሉ ታነባለች፣ የራሷንም የባልደረቦቿንም ቤተሰብ ስም እየፈለገች። በሚያዝያ ወር የአንዱን ዘጊ እናት አገኘች፤ ሄዳ በአፏ ነገረችው። በየሁለት ሳምንቱ ሞጆ ትወርዳለች።

ሕፃኗ የተወለደችው በሐምሌ መጀመሪያ ነው። በሳምንቷ ሦስቱም ወደ ምዝገባ ቢሮ ሄዱ፤ ኖላዊት ሕፃኗን ታቅፋ ቆመች፣ ያኔት ቅጹን ሞላች። የሕፃን ስም በሚለው ላይ ስንዱ ብላ ጻፈች። ቀጥሎ ያለው ስሙን ያወጣው ማን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ቅድመ አያቷ ናትናኤል ወንድይራድ ብላ ጻፈች። ከእሱ አጠገብ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፤ ስም አውጪው በሕይወት አለ፣ ስም አውጪው በሕይወት የለም የሚሉ።

ያኔት እስክሪብቶውን እንደያዘች ወደ እናቷ ዞረች። ኖላዊት የሕፃኗን ፎጣ አስተካከለች። ከኋላቸው ሰልፉ ረዝሞ ነበር።

ያኔት ሁለቱንም ባዶ ትታ ቅጹን በመስኮቱ አቀበለች። ጸሐፊዋ ማኅተም መታችበት፣ ቀጣዩን ጠራች።